የእግር ኳስ ተጫዋች ውልና ደመወዝ፤ ከፋብሪካ ቡድን እስከ ደመወዝ ጣሪያ

ቡልቡላ ዛሬ ባቱ ከምትባለው ከዝዋይ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል፤ በአካባቢው በመስኖ የሚለማ የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ አለ። ፀሐይ ሲበርድ ከእርሻ የተመለሱት ወጣቶች አቧራው ሜዳ ላይ ተሰብስበው ኳስ ይጫወታሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ያደገው በዚያው ነው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገሬ ስወርድ አንድ አብሮ አደጌን አገኘሁት። ከሠፈሩ ልጆች ሁሉ ኳስ የተሳካለት እርሱ ነው ይባል ነበረ፤ በአንድ የታችኛው ሊግ ክለብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። እኔ ግን ያገኘሁት የቲማቲም ሣጥን አይሱዙ ላይ ሲጭን ነው። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው የነገረኝ አጭር ነገር ነበር። የአራት ወር ደመወዝ ሲቀርባቸው እርሱና ጓደኞቹ ልምምድ አቆሙ። ክለቡም አድመኞች ናችሁ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። የውሉ ዘመን ሲያልቅ ቀሪውን ደመወዝ ትቻለሁ ብለህ ካልፈረምክ መልቀቂያ አንሰጥህም ተባለ፤ በዚህ ሲመላለስ የዝውውሩ ጊዜ ተዘጋ። «እኛ እኮ ይጨመርልን አላልንም» አለኝ። «የተፈረመልንን ስጡን ነው ያልነው። ታዲያ ይህ እንዴት አድማ ይባላል?»

ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ወደ ኮሌጅ ከተመለስሁ በኋላ የተጫዋች ውል በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ ለመመርመር ሞከርሁ። ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እንደ አውሮጳ የሆነውን እ.ኤ.አ. እያልሁ ለይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ተጫዋች ለተሻለ ውል አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ግልጽ ነው። በዚያ አገር እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ የኳስ ተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ነበረው፤ ይኸውም በመጨረሻው ላይ በጨዋታው ወራት በሳምንት 20 ፓውንድ ነበረ። ከዚህም የከፋው ሌላ ደንብ ነው። የተጫዋቹ ውል ቢያልቅም ክለቡ ስሙን በመዝገቡ ይዞ ማቆየት ይችል ስለነበር፣ ያለ ክለቡ ፈቃድ ወደ ሌላ መሄድ አይቻልም ነበር። ጆርጅ ኢስታም የተባለው ተጫዋች በ1960 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ከተባለው ክለብ ጋር ውሉን አላድስም ብሎ ሲወጣ፣ ክለቡም አልለቅም አለው። ሰውዬው ወደ ደቡብ እንግሊዝ ወርዶ የቡሽ ሻጭ ሆኖ ለወራት ሠራ። በመጨረሻ ክለቡ ተሸንፎ በ47,500 ፓውንድ ለአርሰናል ለቀቀው። ኢስታም ግን ነገሩን በዚህ አልተወውም፤ በተጫዋቾች ማኅበር እየተረዳ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ዳኛው ዊልበርፎርስ ይህ የማቆያ ደንብ ሰውን ከሥራው ያለ አግባብ የሚከለክል ነው ሲሉ ፈረዱ።

የደመወዙ ጣሪያ ደግሞ የወደቀው በጂሚ ሂል የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ጥር 21 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ጨዋታ አናደርግም ብሎ በመቁረጡ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ክለቦቹ እጃቸውን ሰጡ፤ ወዲያውም ጆኒ ሄንስ የተባለው ተጫዋች በሳምንት 100 ፓውንድ ተከፋይ ሆነ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ተጫዋች እግሩን ሰብስቦ ሲቀመጥ ኃይል የሚሆነው የሚቀበለው ሌላ ክለብ ሲኖር፣ የሚሄድበትም መንገድ ሲከፈትለትና ጨዋታው ቀን የማይሰጥ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው። ኢስታም መንገዱ ተዘግቶበት ነበርና ቡሽ ሸጠ፤ የእኔም አብሮ አደግ መንገዱ ተዘግቶበት ቲማቲም ይጭናል።

የእንግሊዝ ተጫዋቾች ሊያቆሙ ከቆረጡበት ቀን ልክ በዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ካፒቴኑ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል፤ እነዚያ ሰዎች ሰኞ ጠዋት የት ሥራ ይገቡ ነበረ የሚለው ግን ብዙ አልተጠየቀም።

በአገራችን የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች እንደ ማኅበረ ሰቡ የተከፋፈሉ ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የሚሲዮኑ ቡድን ነው። ያን ጊዜ ስለ ደመወዝ ማንሳት ነውር ነበረ ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚጫወተው ለወገኑ ክብር ነው። ቀጥሎ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ለብዙ ዓመት አሸነፈ፤ ወታደር ደግሞ አልጫወትም የሚልበት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የፋብሪካዎቹ ዘመን መጣ። ከ1959 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ባሉት ሰባት ተከታታይ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ያሸነፉት ሁሉ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ቡድኖች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቴሌ፣ አራት ጊዜ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፣ ሁለት ጊዜ ኢትዮ ሲሚንቶ። አስመራ የተወለደው ሉቻኖ ቫሳሎም ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ የተጫወተ ሰው ነው። እንግዲህ ተጫዋችን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ የሚስበው የፊርማ ገንዘብ ሳይሆን ሥራ ነበረ። ተጫዋቹ በደመወዝ መዝገብ ላይ መካኒክ ወይም ጸሐፊ ተብሎ ይገባል፤ ጨዋታ ሲኖር ከሥራ ይፈቀድለታል፤ ቢሳካለት የደረጃ ዕድገት ያገኛል፤ ዕድሜው ሲገፋም ሥራው አብሮት ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን ነገር የዛሬ ተጫዋቾች ሲሰሙ የሚቀኑበት ይመስለኛል።

የዚህ አኗኗር ጥሩ ምሳሌ በእኛው በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ የነበረው የስኳር ሥራ በኢንዶኔዥያ ነፃነት ምክንያት ሲናጋበት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1943 ዓ.ም. ተዋዋለ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሠራተኛው ቤት የኩባንያው ነበረ፤ ክሊኒኩም ሜዳውም የኩባንያው። የወንጂ ሠራተኞች በአገራችን የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለዚህም ምክንያቱ አይጠፋም። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። በቆረጣ ጊዜ ሠራተኛው እጁን ቢሰበስብ ኩባንያው የሚከስረው በሰዓታት ነው። ስለዚህ የሸንኮራ ቆራጩና የኳስ ተጫዋቹ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ኃይላቸው የሚለካው በቀኑ ነው፤ ሸንኮራው አይቆይም፤ የእሑድ ጨዋታም ወደ ማክሰኞ አይገፋም።

ይሁን እንጂ ሠራተኛው ያገኘውን መብት ተጫዋቹ በተጫዋችነቱ አላገኘም። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወጣው የሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌና በ1956 የጸናው አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምንና ከአሠሪ ጋር በኅብረት መደራደርን ፈቀዱ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። መካኒኩ በመካኒክነቱ ሊደራደር ቻለ፤ በአጥቂነቱ ግን የሚደራደርበት ነገር የለውም፤ ኳስ በወረቀት ላይ ሥራው አልነበረችምና። አልጫወትም ቢል አሠሪው ከቡድኑ ብቻ ሳይሆን ከቤቱም ሊያስወጣው ይችላል። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል በፋብሪካዎቹ ዘመን ስለ ተጫዋቾች እምቢታ የተጻፈ ነገር ማግኘት የሚያስቸግረው፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ደስ ብሎአቸው ኖረዋል ለማለት አያስደፍርም።

በዚህ ላይ የአማተርነት እምነት ነበረ። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ይድነቃቸው ተሰማን ማለፍ አይቻልም። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ የተጫወቱ፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዱ፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንቱ የነበሩ ሰው ናቸው። እርሳቸው የፈሩት የአውሮጳ ክለቦች የአፍሪካን ተጫዋች እንደ ጥሬ ዕቃ እንዳይጭኑት ነበረ። ኮንፌዴሬሽኑም ከ1965 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎችን እንዳያሰልፍ ከልክሎ ነበር። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም ለወኪል ገንዘብ ከፍለው በባዕድ አገር የተጣሉ የአፍሪካ ልጆች አሉ። ዳሩ ግን ክልከላው የወደቀው በገዢው ላይ ሳይሆን በተጫዋቹ ላይ ነበረ። የሚሄድበት መንገድ የሌለው ሰው ደግሞ፣ ከላይ በእንግሊዞቹ እንዳየነው፣ በአገሩም ውስጥ ድምፁ አይሰማም።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ወንጂን ጨምሮ ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ፤ ስፖርቱም በመሥሪያ ቤትና በቀበሌ ተደራጀ። አንጋፋው ቅዱስ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ትቶ በቢራ ፋብሪካ ስም የተሰለፈበት ጊዜ ነበረ። ስለ ውል ታሪክ ይህ ዘመን የጨመረው ነገር ጥቂት ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ሲጀመር ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ነበረ። ከእኛ አካባቢም ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር በሊጉ የተጫወቱበት ጊዜ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የፋብሪካዎቹን ቦታ የከተማ አስተዳደር ክለቦች ያዙት፤ አዳማ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይናገራሉ። የእነዚህ ክለቦች ገንዘብ በአብዛኛው ከማዘጋጃ ቤትና ከክልል በጀት የሚወጣ ነው። ተጫዋቹም መካኒክ መሆኑ ቀርቶ ተጫዋች ብቻ ሆነ፤ ውሉም የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሆነ።

በዚህ ጊዜ የፊርማ ገንዘብ የሚባለው ነገር ተስፋፋ። ተጫዋቹ ሲፈርም ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፈለው አነስተኛ ነው። እንደ ደደቢት ያሉ ክለቦች ወደ ውድድሩ ሲገቡ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። አንድ ጥሩ ተጫዋች የውሉ ማለቂያ ሲደርስ ሐምሌና ነሐሴን ቤቱ ተቀምጦ ማን የተሻለ ይሰጣል እያለ ይጠብቃል፤ ሌላ ክለብ እንዳያገኘው ሆቴል ውስጥ የሚደበቅ ተጫዋች እንደ ነበረም ይወራ ነበር። እውነተኛው ለተሻለ ውል መቀመጥ በአገራችን የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው ለማለት እደፍራለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያስብ ሆዳምነት ይለዋል። እኔ ግን ከ10 ዓመት በማይበልጥ የሥራ ዘመን ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ ብቻ የሚፈርም ሰው፣ በእነዚያ ቀኖች ቢጠነክር አልፈርድበትም። ሽንኩርት የሚዘራ የቡልቡላ ገበሬስ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቅ የለምን?

የፊርማው ገንዘብ ግን የቀረጥንም የሒሳብንም ችግር አስነሣ፤ ስለዚህ በኋላ ወደ ወር ደመወዝ ተጠቃለለ። ይህ ለውጥ በዚያን ጊዜ የአሠራር ማስተካከያ መስሎ ታልፏል፤ በእኔ ግምት ግን በተጫዋቹ ሕይወት ላይ ከዚህ የበለጠ ለውጥ አልመጣም። ቀድሞ ገንዘቡ አስቀድሞ በእጁ ይገባ ነበር፤ የሚቀረው ዕዳ የእርሱ የጨዋታ ዕዳ ነው። አሁን ግን ጨዋታውን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ገንዘቡን በኋላ ይጠብቃል። በአጭሩ ተጫዋቹ ለክለቡ አበዳሪ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ያለ ስለሆነ ሕዝቡ ሀብታም ይለዋል፤ በጀቱ ሲያልቅ ግን የሦስት ወርና የአራት ወር ደመወዝ ይቀርበታል። በሊጉ ክለቦች ውስጥ ተጫዋቾች ደመወዝ ዘገየ ብለው ልምምድ ማቆማቸው የተደጋገመ ዜና የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው፤ አዳማም ከዚህ አላመለጠችም።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም፤ የውኃ ቧንቧ ከሚዘረጋበት የከተማ በጀት ውስጥ ለአንድ አጥቂ በወር ከመቶ ሺህ ብር በላይ መክፈል ለግብር ከፋዩ ምን ይባላል? ይህን ክርክር እኔም እቀበለዋለሁ። ዳሩ ግን እንግሊዞች በ1961 እ.ኤ.አ. የጣሉትን ጣሪያ እኛ ከ58 ዓመት በኋላ ስናነሣው፣ ጣሪያው በእንግሊዝ ምን እንዳስከተለ መጠየቅ ይገባን ነበር። በዚያ አገር ክለቦች ከጣሪያው በላይ በስውር ይከፍሉ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በእኛም አገር ብዙ ሳይቆይ ሁለት ውል ስለሚባለው ነገር ይሰማ ጀመር፤ አንዱ ለፌዴሬሽኑ የሚቀርብ፣ ሌላው በኪስ የሚያዝ። በኪስ ያለው ውል ሳይከፈል ቢቀር ተጫዋቹ የት ሄዶ ይከሳል? ደንብ የጣሰ ውል ይዞ ፌዴሬሽኑ ፊት ሊቆም አይችልም። እንግዲህ ጣሪያው የወጪውን ቁጥር ዝቅ ሲያደርግ ተጫዋቹ ያበደረውን የሚያስመልስበትን መንገድ አጠበበው። የ2012ቱ ውድድር ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ሲሰረዝ የደመወዙ ጥያቄ ይብሱን ከበደ።

አሁን ወደ አብሮ አደጌ ጥያቄ ልመለስ። አድማ ነው ወይስ አይደለም?

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ክለብ ያለ አግባብ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍል ቢቀር ተጫዋቹ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ይህ ከልምምድ መቅረት ይበልጣል፤ ጥሎ መሄድ ነው። የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1757 እንደሚለው አንድ ተዋዋይ ሌላውን ግዴታህን ፈጽም ሊል የሚችለው የራሱን ሲፈጽም ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ሲሆን ነው። አድማ ማለት በእኔ አረዳድ ሠራተኛው ገና ያላገኘውን ነገር ለማግኘት ሥራውን ሲያቆም ነው፤ ለዚህም የሠራተኛው ሕግ ማስጠንቀቂያና ሥርዓት ይጠይቃል። አራት ወር ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው ግን የሚጠይቀው አዲስ ነገር የለም። ውሉን ያቆመው መጀመሪያ ክለቡ ነው፤ እርሱ የቆመው ሁለተኛ ነው። ይህ የእኔ የተማሪ አስተያየት ነው፤ የሕግ ክፍል ጓደኞቼ ቢያርሙኝ ደስ ይለኛል። በተለይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ በሥራ ውል ላይ እስከ ምን ድረስ ይሠራል የሚለው በእነርሱ ሊመረመር የሚገባ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ በገና ዕረፍት ወደ ቡልቡላ ስሄድ ለአብሮ አደጌ ነገርሁት። የ15 ቀኑን ነገር ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረውም። ውሉን አሳየኝ ብለው የለውም። ሲፈርም ቅጂዎቹን ክለቡ ወሰዳቸው፤ እርሱ ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ይዞት ነበረ፤ ስልኩን ግን ደመወዝ በቀረባቸው በሦስተኛው ወር ሸጦታል። ዛሬም ማታ ማታ ከትንንሾቹ ጋር ሜዳው ላይ ይሮጣል። አንድ ክለብ ለሚመጣው ክረምት ሊያየው እንደሚፈልግ ሰው ልኮበታል። ደመወዙ ስንት እንደሆነ ገና አልጠየቀም፤ ነገር ግን የውሉን አንድ ቅጂ በእጄ ካልሰጡኝ አልፈርምም ብሎ መልሶባቸዋል።